መንበሩና ግቢው፦ ስለ ቫቲካን ለጠየቃችሁኝ

ሮም መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከአገር ቤት የሚመጣ እንግዳ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ «ቫቲካን ውሰደኝ» ይለኛል። አደባባዩ ላይ ስንደርስ ጥያቄው ይጀመራል። ቤት ገብተን ሦስተኛው ቡና እስኪወርድም አያልቅም። ለዚህ ነው «ስለ ፖፑ መንበር የምትፈልጉትን ጠይቁኝ» ያልኳችሁ። የመጣው ብዙ ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

አስቀድሜ ላስታውስ፦ እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ የግዕዝ ቅዳሴ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን «ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት» ትላቸዋለች፤ እዚህ ግን ለማሳጠር ሰው እንደለመደው «ፖፕ» እላለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቫቲካን፣ ቅድስት መንበር፣ የሮም ቤተ ክርስቲያን። አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ?

ከዚህ ብንጀምር ሌላው ሁሉ ይቀላል። የተለያዩ ናቸው።

መንበር የሚለውን ቃል የእኛ አገር ሰው ለማንም ሳይጠይቅ ያውቀዋል። መንበረ ማርቆስ ሲባል እስክንድርያን ያስባል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ማዕረግ ላይ «ዘመንበረ ተክለ ሃይማኖት» የሚል አለ። ስለ እንጨቱ ወንበር ማንም አያስብም። የሚታሰበው ከአባት ወደ አባት የሚተላለፈው ሥልጣንና አደራ ነው። የሮሙም እንዲሁ ነው። ቅድስት መንበር ማለት የሮም ከተማ ጳጳስ መንበር ማለት ነው። የሮም ጳጳስ ደግሞ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ራስ ነው።

ቫቲካን ከተማ ግን አገር ነው። መሬት ነው። 44 ሄክታር ገደማ ይሆናል፤ በድሮው ልክ አንድ ጋሻን ትንሽ ያልፋል። አገር የሆነውም በ1929 ነው። መንበሩ የሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው፤ አገሩ መቶ ዓመት አልሞላውም። ከ1870 እስከ 1929 ፖፖቹ አገር አልነበራቸውም። መንበሩ ግን ነበር፤ አምባሳደር ይልክና ይቀበል ነበር። ዛሬም ወደ ቫቲካን የሚላክ የየትኛውም አገር አምባሳደር የሚሾመው ለቅድስት መንበር ነው፤ ለዚያች ትንሽ መሬት አይደለም።

አንድ ጓደኛዬ «መንበሩ ባለቤቱ ነው፣ ቫቲካን ግቢው ነው» ብሎ ይገልጸዋል። ከዚህ የተሻለ አባባል አላገኘሁም።

ጥያቄ፦ «ቫቲካን» የሚለው ስም የመጣው ከየት ነው?

ከክርስትና በፊት የነበረ የቦታ ስም ነው። ከቲበር ወንዝ ማዶ፣ ከከተማው ውጭ ያለ ኮረብታና ረግረጋማ መስክ ነበር። የተከበረ ሰፈር አልነበረም። የዚያ አካባቢ ወይን ጠጅ በመጥፎነቱ የታወቀ ነበር። በኋላ ነገሥታቱ የፈረስና የሠረገላ መወዳደሪያ ሠሩበት። መንገዱን ተከትሎ መቃብር ነበር። ታሪኩን ያመጣው ያ መወዳደሪያና ያ መቃብር ነው።

ጥያቄ (ከአንድ ወንጌላዊ ወንድም)፦ ጴጥሮስ ሮም ሄደ የሚል መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለም። ታዲያ ይህ ሁሉ በምን ላይ ተሠራ?

ጥያቄህ ተገቢ ነው። አዎ፣ «ጴጥሮስ ሮም ገባ» የሚል ቁጥር የለም። ግን ፍንጭ አለ። የመጀመሪያይቱ የጴጥሮስ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 13 ላይ በባቢሎን ካለች ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ይልካል። በዚያ ዘመን አይሁድና ክርስቲያኖች ሮምን «ባቢሎን» ብለው ይጠሯት እንደነበር ከሌላም ጽሑፍ ይታወቃል። እዚያው ቁጥር ላይ «ልጄ ማርቆስ» ይላል። በትውፊት ይህ ማርቆስ የእስክንድርያን መንበር የመሠረተው ነው። የሁለቱ መንበሮች አባቶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ይነካኛል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ደግሞ፣ በ96 ገደማ የሮሙ ቀሌምንጦስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የጴጥሮስንና የጳውሎስን ሰማዕትነት ያነሳል። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ የአንጾኪያው አግናጥዮስ ለሮም ሰዎች «እንደ ጴጥሮስና እንደ ጳውሎስ አላዛችሁም» ይላቸዋል። በ180 ገደማ ኢሬኔዎስ የሮምን ጳጳሳት ከመጀመሪያው ጀምሮ በስም ይዘረዝራል፦ ሊኖስ፣ አናክሊጦስ፣ ቀሌምንጦስ እያለ። ሌላም የሚያሳምነኝ ነገር አለ። በጥንት ዘመን የሐዋርያ መቃብር ለአንድ ከተማ ትልቅ ክብር ነበር። ሆኖም «ጴጥሮስ የተቀበረው እኛ ጋ ነው» ብሎ ከሮም ጋር የተከራከረ ከተማ አልነበረም።

ማቴዎስ 16 ላይ ያለው «አንተ ጴጥሮስ ነህ፥ በዚችም ዓለት ላይ ቤተ ክርስቲያኔን እሠራለሁ» የሚለው ቃል ግን ሌላ ክርክር ነው። ዓለቱ ጴጥሮስ ነው ወይስ እምነቱ? ካቶሊክ ጴጥሮስ ራሱ ነው ይላል፤ ቃሉም ለተተኪዎቹ ይቀጥላል ብሎ ያምናል። አንተ እዚህ ላይ ላትስማማ ትችላለህ። ሮም መሄዱና አለመሄዱ ግን የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ማስረጃውም ጠንካራ ነው።

ጥያቄ፦ የጴጥሮስ መቃብር እውነት ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ (ከትልቁ የቫቲካን ቤተ ክርስቲያን) ሥር አለ?

ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው፤ ከሁሉም በላይ የምወደው ታሪክ ይህ ነው።

በ64 ሮም ተቃጠለች። ንጉሡ ኔሮን ጥፋቱን በክርስቲያኖች ላይ አላከከ። ብዙዎች በዚያ በቫቲካኑ መወዳደሪያ አጠገብ ተገደሉ። በትውፊት ጴጥሮስም በዚያ ዘመን ተሰቅሎ ሞተ፤ ከጎኑ ባለው መቃብር ቦታም ቀበሩት። በ200 ገደማ ጋይዮስ የሚባል የሮም ሰው ከአንድ ተከራካሪ ጋር ሲሟገት «ወደ ቫቲካን ብትሄድ የሐዋርያውን መታሰቢያ አሳይሃለሁ» የሚል ነገር ጽፏል። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚያሳየው ነገር ነበር ማለት ነው።

አራተኛው ክፍለ ዘመን ላይ ቆስጠንጢኖስ መጣ። ባዚሊካ ሊሠራ ሲነሳ ያደረገው ነገር ለመሐንዲስ እብደት ነው። አጠገቡ ደልዳላ መሬት እያለ የኮረብታውን ጎን አስቆረጠ። በታች በኩል ደግሞ የሀብታም ቤተሰቦች መቃብር ያለበትን ሰፈር ጣሪያ ጣሪያውን እያፈረሰ አፈር ሞላበት። የሮም ሕግ መቃብር መንካትን በጥብቅ ይከለክል ነበር። ታዲያ ለምን ያን ሁሉ ድካም? መሠዊያው አንድ የተወሰነ ነጥብ ላይ መቆም ስለነበረበት ነው።

ያ ባዚሊካ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆየ። በ1506 ፖፕ ዩሊየስ ሁለተኛ የአዲሱን መሠረት ጣለ። አርክቴክቱ ብራማንቴ ጀመረው፣ ሚኬላንጄሎ ጉልላቱን ነደፈ፤ የተመረቀው ግን በ1626 ነው። 120 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ቅድም ያልኩት ነጥብ ግን አልተነቃነቀም።

ከዚያ በ1939 ፖፕ ፒዮስ 11ኛ ሞቱ። መቃብራቸው ሲዘጋጅ ወለሉ ተቆፈረና አሮጌ ግንብ ታየ። ተተኪያቸው ፒዮስ 12ኛ ቁፋሮው እንዲቀጥል ፈቀዱ። ጦርነቱ እየተካሄደ፣ ከባዚሊካው ሥር አሥር ዓመት ያህል ተቆፈረ። ያ በአፈር የተሞላው የመቃብር ሰፈር ከነመንገዱ፣ ከነሥዕሉ ወጣ። ልክ ከመሠዊያው ሥር በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ትንሽ መታሰቢያ ተገኘ። አጠገቡ ያለው ግድግዳ ምዕመናን በጫሩት ጽሑፍ የተሞላ ነው። በ1968 ጳውሎስ ስድስተኛ የጴጥሮስ አጽም ተለይቷል ብለው አስታወቁ። በአጽሙ ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። ቦታው ግን ከጥንት ጀምሮ የጴጥሮስ መቃብር ተብሎ ሲከበር የኖረው ያው ቦታ ነው።

ከላይ ወደ ታች አስቡት፦ የሚኬላንጄሎ ጉልላት፣ ከሥሩ የቀራጺው በርኒኒ የነሐስ ድባብ፣ ከሥሩ መሠዊያው፣ ከሥሩ የቆስጠንጢኖስ ሥራ፣ ከሥሩ ያ ትንሽ መታሰቢያ፣ ከሥሩ አፈር። ሁሉም በአንድ መስመር። የአንድ ዓሣ አጥማጅ መቃብር ነው ይህን ሁሉ የጎተተው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጴጥሮስ የተቀመጠበት ወንበር አሁንም አለ ይባላል፣ እውነት ነው?

አይደለም። ከባዚሊካው ጀርባ በኩል በርኒኒ የሠራው ግዙፍ የነሐስ ዙፋን አለ። በውስጡ አሮጌ የእንጨት ወንበር ተቀምጧል። እሱ ግን የ9ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ንጉሥ ቻርልስ (መላጣው የሚሉት) በ875 ለፖፑ የሰጠው ነው። የካቲት 22 ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር «የጴጥሮስ መንበር» ተብሎ በዓል ይከበራል። የሚከበረው አደራው ነው።

ጥያቄ (ከአንድ ዲያቆን)፦ የአንድ ከተማ ጳጳስ እንዴት የሁሉ የበላይ ሆነ? በኒቅያ ጉባኤ እኮ እስክንድርያና አንጾኪያም ነበሩ።

ዲያቆን፣ ልክ ብለዋል። በ325 የኒቅያ ጉባኤ በስድስተኛው ቀኖናው የሮምን፣ የእስክንድርያንና የአንጾኪያን የቆየ ሥልጣን አብሮ ይጠቅሳል። አንጾኪያም የጴጥሮስ መንበር ናት፤ ወደ ሮም ከመምጣቱ በፊት እዚያ ነበር። «ፓፓ» የሚለው መጠሪያም ቢሆን መጀመሪያ ለሮም ብቻ አልነበረም። የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይጠራበታል፤ ግብፆች ዛሬም ይሉታል።

የሮም ክብር በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ የሁለት ሐዋርያት ደም የፈሰሰባት ከተማ በመሆኗ ተከበረች። የመንግሥቱ ዋና ከተማም ነበረች። በ330 ቆስጠንጢኖስ መናገሻውን ወደ ቁስጥንጥንያ ሲያዞር ሮም ያለ ንጉሥ ቀረች። ከዚያ የምዕራቡ የሮም መንግሥት መፍረስ ጀመረ። ሕዝቡ ሲራብና ሲወረር ወደ ማን ይሂድ? የቀረው ጳጳሱ ብቻ ነበር። በ452 የሁኖቹ መሪ አቲላ ኢጣልያን ሲወር ሊለምነው የሄደው የሮሙ ጳጳስ ሊዮ ነው። ይኸው ሊዮ «ጴጥሮስ በተተኪው አፍ ዛሬም ይናገራል» የሚለውን ትምህርት በግልጽ ያቆመ ነው።

እዚህ ላይ የእኛና የእናንተ ቁስል አለ። የ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ የተቀበለው ይኸው ሊዮ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የጻፈውን ደብዳቤ ነው። እስክንድርያና ከእርሷም ጋር ኢትዮጵያ አልተቀበሉትም። በግዕዝ መጻሕፍት «ልዮን» እንዴት እንደሚነሳ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ቀጥሎ በ1054 ቁስጥንጥንያም ተለየች። የካቶሊክ እምነቴ መንበሩ የአንድነት ምልክት እንደሆነ ይነግረኛል። ታሪኩ ደግሞ ስለ መንበሩ ሲባል የተለያየነውን ያሳየኛል። ሁለቱንም መያዝ አለብኝ።

ጥያቄ፦ ታዲያ አዲሱ ፖፕ ለምን ያንኑ «ሊዮ» የሚል ስም መረጡ?

ይህን የጠየቁኝ ኦርቶዶክሶች ብዙ ናቸው፤ ለምን እንደሚያሳስባቸውም ይገባኛል። ፖፕ ሊዮ 14ኛ ግንቦት 8 ቀን 2025 (በአውሮፓ) ተመርጠው ከሁለት ቀን በኋላ ለካርዲናሎቹ (ፖፑን ለሚመርጡት ከፍተኛ አባቶች) ራሳቸው ገልጸውታል። በዋናነት ያሰቡት ሊዮ 13ኛን ነው። እኒያ በ1891 ስለ ሠራተኛው መብት የጻፉ ናቸው። የፋብሪካ ዘመን ሠራተኛውን ሲያደቅቀው ቤተ ክርስቲያን ዝም አትልም ያሉ ሰው ነበሩ። አዲሱ ፖፕም የዘመናችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመሳሳይ ጥያቄ አምጥቷል ብለዋል።

ሊዮ 13ኛ ከእኛ ጋርም ታሪክ አላቸው። በ1896 ከአድዋ ድል በኋላ የኢጣልያ ምርኮኞች እንዲለቀቁላቸው መልእክተኛ ጳጳስ ወደ አፄ ምኒልክ ልከው ነበር። ምኒልክ በክብር ተቀበሏቸው እንጂ ምርኮኞቹን አልለቀቁም። የተለቀቁት ጥቅምት 26 ቀን የአዲስ አበባው ውል ከተፈረመ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የፖፑ ካቴድራል ነው አይደል?

ሁሉም ሰው እንደዚያ ይመስለዋል፤ አይደለም። የሮም ጳጳስ ካቴድራል፣ ማለትም መንበሩ ያለበት ቤተ ክርስቲያን፣ በከተማዋ ሌላ ጫፍ ያለው የላተራኑ ቅዱስ ዮሐንስ ነው። ቦታውን ቆስጠንጢኖስ ሰጠ፤ በ324 ተቀደሰ። ፊቱ ላይ በላቲን «የከተማዋና የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ እናትና ራስ» ተብሎ ተጽፏል። አዲስ ፖፕ ሲሾም ወደዚያ ሄዶ የጳጳስነት ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ሊዮ 14ኛም በዚያው ግንቦት 25 ቀን ሄደው ተቀምጠዋል። እንግዳ ሲመጣብኝ ሁልጊዜ እዚያ እወስዳለሁ። ሰልፍ የለም። መንበሩ ያለው ግን እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ፖፖቹ ወደ ቫቲካን መቼ ገቡ ታዲያ?

ሺህ ዓመት ያህል የኖሩት በላተራን ነበር። በ1309 የፖፑ መቀመጫ ወደ ፈረንሳይ አቪኞን ሄደ፤ ሰባ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በ1377 ጎርጎርዮስ 11ኛ ሲመለሱ ላተራን ተቃጥሎና ፈርሶ አገኙት። ቫቲካን ግንብ ነበረው፣ አጠገቡም ምሽግ ነበረ። እዚያ ገቡ፤ በዚያው ቀረ።

መመለሱ ግን ሰላም አላመጣም። በማግሥቱ ዓመት በ1378 ሁለት ፖፕ ተመረጠ፤ በኋላ ሦስት ሆኑ። አርባ ዓመት ገደማ ክርስቲያኑ ተከፋፍሎ ኖረ። የታረቀው በ1417 በኮንስታንስ ጉባኤ ማርቲን አምስተኛ ሲመረጡ ነው።

ጥያቄ፦ ፖፖቹ ንጉሥም ነበሩ ይባላል። እንዴት መንፈሳዊ አባት አገር ይገዛል?

ነበሩ። ከስምንተኛው ክፍለ ዘመን እስከ 1870 የኢጣልያን መሐል ገዝተዋል። የፍራንኮች ንጉሥ ፔፒን ከሎምባርዶች የነጠቀውን መሬት ለጴጥሮስ ብሎ ሰጠ። በኋላ «ቆስጠንጢኖስ ምዕራቡን ሁሉ ለፖፑ አውርሷል» የሚል ሰነድ ይጠቀስ ነበር። ሐሰተኛ ነበር። በ1440 ሎሬንዞ ቫላ የሚባል ሊቅ ላቲኑን መርምሮ የቆስጠንጢኖስ ዘመን ቋንቋ አለመሆኑን አረጋገጠ። ያስተማረን ነገር ቢኖር እውነት ሐሰተኛ ድጋፍ አያስፈልጋትም።

መስከረም 20 ቀን 1870 የኢጣልያ ጦር በፒያ በር በኩል ግንቡን ደርምሶ ሮም ገባ። ፒዮስ ዘጠነኛ ቫቲካን ውስጥ ራሳቸውን ዘጉ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡትም ከግቢው አልወጡም፤ 59 ዓመት እንዲሁ ሆነ። መፍትሔው የካቲት 11 ቀን 1929 መጣ። ቅድስት መንበርን ወክለው ካርዲናል ጋስፓሪ፣ ኢጣልያን ወክሎ ሙሶሊኒ በላተራን ቤተ መንግሥት ፈረሙ። ቫቲካን ከተማ ነጻ አገር ሆነ፤ ለጠፋው ግዛት ካሳ 750 ሚሊዮን ሊሬ በጥሬ ገንዘብና አንድ ቢሊዮን ሊሬ በቦንድ ተከፈለ።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ግዛቱ መጥፋቱ ለመንበሩ በረከት ነበር። ወታደርና ግብር የሌለው አባት ድምፁ ይበልጥ ይሰማል።

ጥያቄ (ከአንድ አዛውንት)፦ ሙሶሊኒ እኛን ሲወር ቫቲካን ምን አለ?

አባቴ፣ ይህን ጥያቄ አልሸሽም። አያቴም አርበኛ ነበሩ።

ነሐሴ 1935 ፒዮስ 11ኛ ለካቶሊክ ነርሶች ሲናገሩ ለወረራ የሚደረግ ጦርነት ግፍ እንደሆነ ተናግረው ነበር። ወረራው ሲጀመር ግን ኢጣልያን በይፋ አላወገዙም። ከዚህ የከፋው የኢጣልያ ጳጳሳት ነገር ነው። ብዙዎቹ ጦርነቱን ደገፉ። የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው አወደሱት። በታኅሣሥ ወር ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሲሰጡ ጳጳሳትም የወርቅ ሰንሰለታቸውን ሰጡ። ያ ወርቅ በእኛ ሕዝብ ላይ ዋለ። ካቶሊክ ሆኜ ይህን ስናገር ያመኛል። ግን መንበሩን መውደድ ማለት ስህተቱን መሸፈን አይደለም።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ በሱስንዮስ ዘመንስ?

አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን ገለጹ። ንጉሡን ያቀረቧቸው ካቶሊካዊው ሚስዮናዊ አባ ፔድሮ ፓኤዝ ቋንቋውን የተማሩ፣ ታጋሽ ሰው ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ሞቱ። በ1625 ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጡና ሁሉን በላቲን ልክ ሊቆርጡት ፈለጉ። ሕዝቡን እንደገና ማጥመቅ፣ ካህናቱን እንደገና መሾም፣ ጾሙንና በዓሉን መለወጥ። ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተብሎ ተመለሱ። ዛሬ የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በግዕዝ ትቀድሳለች፤ በከበሮና በጸናጽል ትዘምራለች። ሜንዴዝ ይህ ይቻላል ብለው ቢያስቡ ኖሮ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ፖፕ እንዴት ነው የሚመረጠው? ጭሱ ምንድን ነው?

ከ80 ዓመት በታች የሆኑ ካርዲናሎች ሲስቲን ጸሎት ቤት ውስጥ ይዘጋባቸዋል። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። የምርጫ ወረቀቱ ይቃጠላል፤ ጥቁር ጭስ ገና ነው ማለት ነው፣ ነጭ ተመረጠ ማለት ነው።

መዘጋቱ የመጣው ከቪቴርቦ ከተማ ነው። በ1268 የተጀመረ ምርጫ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሆነ፤ አልተስማሙም። የከተማው ሰው ተማረረ። ቆለፈባቸው፣ ምግብ ቀነሰባቸው፣ በመጨረሻም ጣሪያውን ገፈፈ። በ1271 የተመረጡት ጎርጎርዮስ አሥረኛ በ1274 መዘጋቱን ሕግ አደረጉት። የ2025ቱ በሁለት ቀን አልቋል። 133 ካርዲናሎች ገቡ፤ ከመካከላቸው የእኛው ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነኢየሱስ ሱራፌል ነበሩ።

ጥያቄ፦ ፖፕ ሥራ መልቀቅ ይችላል?

ይችላል። በነዲክቶስ 16ኛ በ2013 ለቀዋል። ከእርሳቸው በፊት የለቀቁት በ1415 ነው።

ጥያቄ፦ ፖፕ አይሳሳትም ትላላችሁ። ሰው አይደለም እንዴ?

ሰው ነው፤ ይሳሳታል፤ ንስሐም ይገባል። በ1870 የታወጀው ትምህርት ጠባብ ነው። ከመንበሩ ሆኖ፣ ለመላው ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ እምነት ወይም ስለ ምግባር የመጨረሻ ውሳኔ ሲሰጥ ከስህተት ይጠበቃል ነው የሚለው። ከዚያ ወዲህ በግልጽ የተሠራበት በ1950 ስለ እመቤታችን ፍልሰታ በታወጀው ነው።

ጥያቄ፦ ቫቲካን ውስጥ የተወለደ ዜጋ ይሆናል?

አይሆንም። ዜግነቱ ከሥራ ጋር ነው፤ ሥራው ሲያበቃ ያበቃል። የሕዝቡ ቁጥር ከአንድ ሺህ በታች ነው።

ጥያቄ፦ አደባባዩ መሐል ያለው ሐውልት የአክሱም ነው?

አይደለም፣ ግን ለምን እንደሚምታታ ይገባኛል። የአክሱሙ ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው በሌላ የሮም አደባባይ ነበር፤ በ2005 አገሩ ገብቷል። የቫቲካኑ ከግብፅ የመጣ ነው። ቀድሞ የቆመው ቅድም በነገርኳችሁ መወዳደሪያ ውስጥ ነበር። ጴጥሮስ ሲሞት በዓይኑ ያየው ይሆናል እየተባለ ይነገራል። ወደ አሁኑ ቦታ ያዛወሩት በ1586 ነው።

ጥያቄ፦ ቫቲካን ውስጥ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አለ የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው! ከባዚሊካው ጀርባ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ትባላለች። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ሳይፈርሱ ከቆዩት አብያተ ክርስቲያናት ከሁሉ የቆየች ናት ይባላል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፖፕ ሲክስተስ አራተኛ ለኢትዮጵያ መነኮሳት ሰጧት። ከኢየሩሳሌም በእግርና በመርከብ የሚመጡ መነኮሳት የሚያርፉት እዚያ ነበር።

ያቺ ትንሽ ቤት ለቋንቋችን የዋለችው ውለታ ብዙ ነው። በ1513 ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ከአንድ የእስጢፋኖስ መነኩሴ ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን ሮም ላይ አሳተመ። የመጀመሪያው የግዕዝ የኅትመት መጽሐፍ ነው። በ1548 እና 1549 የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በ1649 ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሊቅ መጣና አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ አማራ መነኩሴ አገኘ። ሁለቱ ተዋደዱ። ጀርመን ድረስ ሄደው አብረው ሠሩ። ሉዶልፍ ከእርሳቸው የተማረውን ይዞ በ1698 የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። አሁን የምታነቡት ቋንቋ በሰዋስው መልክ ከተጻፈባቸው ጉዞዎች የመጀመሪያው የተነሳው ከጴጥሮስ መቃብር ጀርባ ካለች ቤት ነው።

በ1919 እዚያው የኢትዮጵያ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በኋላ የራሱ ሕንፃ ተሠራለት። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለ ብቸኛው ኮሌጅ ነው። የእኛና የኤርትራ ካህናት እዚያ እየኖሩ ይማራሉ።

ጥያቄ (ከዱባይ፣ ለእረፍት ልትመጣ ያሰበች እህት)፦ እኔ ብመጣ ምን ልይ?

እህቴ፣ ባዚሊካው በነጻ ነው፤ ጠዋት በማለዳ ግቢ፣ ሰልፉ ሳይረዝም። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሺ፤ ነጠላ ብትይዢ ይበቃሻል። ከሥሩ ያለውን መቃብር ለማየት ግን አስቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ነው፤ በትንንሽ ቡድን ብቻ ነው የሚያስገቡት። ጊዜ ሰጥተሽ ጻፊላቸው። እስጢፋኖስ ለማንም ክፍት አይደለም፤ አትክልት ቦታውን ሲያስጎበኙ ከውጭ ልታዪው ትችያለሽ። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ሜትሮ ይዘሽ ሳን ጆቫኒ ውረጂ። ላተራን እዚያው ነው። ወደ ውስጥ ዘልቀሽ ከመሠዊያው ኋላ ተመልከቺ፤ ባለ ቀለም ድንጋይ የተለበጠ ነጭ ወንበር አለ። ስንጠያየቅ የከረምነው ስለሱ ነው።